70 ፊደል፦ ማስታወቂያ መጻፍን የተማርኩባቸው 14 ወራት

ባለፈው ሳምንት አንዲት የባልትና ሱቅ ባለቤት ለሦስተኛ ጊዜ ሥራ ሰጡኝ። በዋጋ አልተከራከሩም፤ ግማሹን ክፍያ በቴሌብር አስቀድመው ከላኩ በኋላ «እንደ ባለፈው አድርገሽ ጻፊልኝ» ብለው ስልኩን ዘጉ። ማስታወቂያ መጻፍ ከጀመርኩ 14 ወር ሆኖኛል፤ አንድ ደንበኛ ሳልጠይቀው ደጋግሞ ሲመለስ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በዚሁ መንገድ ላይ ላላችሁ፣ በተለይም ቋሚ ሥራ ሳትለቁ ማታ ማታ ለምትለማመዱ፣ ያለፍኩበትን ለማካፈል የተነሣሁት በዚህ ደስታ ነው።

ከዚህ በፊት ስድስት ዓመት በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ነበርኩ። የመጀመሪያዎቹን ወራት በአጭሩ ልለፋቸው። የውጭ አገር መምህራንን ትምህርት በዩቲዩብ ተከታተልኩ፤ የሚያስተምሩትን ቀመር ሁሉ ወደ አማርኛ መለስኩ፤ ማንም ላላዘዘኝ ዕቃ ወደ 40 የሚጠጉ የሙከራ ማስታወቂያዎችን ጻፍኩ። የመጀመሪያው ክፍያዬ ለአንድ የጫማ ሱቅ የቴሌግራም ገጽ በጻፍኳቸው አሥር አጫጭር ጽሑፎች ያገኘሁት 1,500 ብር ነበር። ዛሬ መልሼ ሳነባቸው አሥሩም ስለ ጫማው ምንም አይናገሩም። ውበትና ምቾት፣ ጥራትና ተመጣጣኝ ዋጋ እየተፈራረቁ ተደርድረዋል፤ ጫማው ከምን ቆዳ እንደተሠራ፣ ሶሉ የተሰፋ ይሁን የተጣበቀ ግን አንድም ቦታ አልተጻፈም። ባለቤቱንም አልጠየቅኩትም ነበር።

የዚያን ጊዜ ትልቁ ስሕተቴ ከማደንቀው ነገር የመጣ ነው። ቅኔን፣ ሰምና ወርቅን፣ ተረትና ምሳሌን ስወድ ነው ያደግኩት፤ ስለዚህ ጥሩ ማስታወቂያ ማለት ሁለት ትርጉም ያለው ዐረፍተ ነገር ይመስለኝ ነበር። አሁን በዚህ ጉዳይ ላይ ያለኝ አቋም ጥብቅ ነው፦ አንባቢው ወርቁን ፈልጎ እንዲያገኝ የሚጠብቅ ማስታወቂያ አንባቢውን ያጣል። ቅኔ የሚሰማው ሰው ጊዜውን ሰጥቶ፣ ለመመራመር ተዘጋጅቶ የሚቀመጥ ሰው ነው። ማስታወቂያ የሚያነበው ግን ታክሲ እየጠበቀ፣ ልጅ እያበላ፣ ሌላ ነገር እያሰበ ነው። በዚህ ረገድ ከየትኛውም መጽሐፍ ይበልጥ ያስተማረኝ የታክሲ ረዳት ነው። መጀመሪያ መድረሻውን ይጠራል፤ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» ይላል። ቀጥሎም «አንድ ሰው የቀረው» ይላል። የመኪናውን ምቾት አያወራም፤ የቆመው ሰው ማወቅ የሚፈልገው ወዴት እንደሚሄድና ቦታ መኖሩን ብቻ ስለሆነ፣ በሁለት ጥሪ ሁለቱንም ይነግረዋል።

ይህን በልቤ ይዤ ወደ ባልትናው ሥራ ገባሁ፤ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ችግር ያጋጠመኝም እዚያ ነው። ባለቤቷ የፈለጉት በዐቢይ ጾም መግቢያ ለ1,800 ደንበኞቻቸው በስልክ የሚላክ አጭር የጽሑፍ መልእክት ነበር። ቀላል መስሎኝ በአንድ ምሽት ይህን ጻፍኩ፦

«ውድ ደንበኛችን፣ እንኳን ለዐቢይ ጾም በሰላም አደረሰዎ! በጥራት የተዘጋጁ የሽሮና የበርበሬ ምርቶቻችንን በተመጣጣኝ ዋጋ ስላቀረብን መጥተው እንዲጎበኙን በአክብሮት እንጋብዛለን።»

የቋንቋ ስሕተት የለበትም። ይሁን እንጂ መልእክቱን በጅምላ የሚልከው ድርጅት ሠራተኛ እንደ ሁለት መልእክት እንደሚያስከፍል ነገረኝ። ምክንያቱን ስጠይቅ ያገኘሁትን መልስ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ። አንድ አጭር መልእክት የሚሸከመው የመረጃ መጠን 140 ባይት ነው፤ አንዱ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 1,120 ቢት ማለት ነው። የላቲን ፊደል እያንዳንዱ 7 ቢት ብቻ ስለሚወስድ 160 ይገባሉ፤ የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ 16 ቢት ስለሚወስድ የሚገባው 70 ብቻ ነው። ከ70 ካለፈ መልእክቱ ይከፈላል፤ ክፍሎቹን ተቀባዩ ስልክ ላይ መልሶ የሚገጣጥመው መረጃም ቦታ ስለሚይዝ እያንዳንዱ ክፍል ከ67 ፊደል በላይ አይቀበልም። በቃላት መካከል ያለው ክፍተት ይቆጠራል፤ ነጠላ ሰረዝም ይቆጠራል። አራት ነጥብን በመጻፍ ፈንታ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ የመምታት ልማድ ያለው ሰው በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር መጨረሻ አንድ ቦታ በከንቱ ያጣል። በላቲን በተጻፈ መልእክት ውስጥ አንዲት የአማርኛ ፊደል ከገባችም መላው መልእክት ወደ 70 ይወርዳል።

የእኔ ጽሑፍ 111 ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 35ቱን የወሰደው «ውድ ደንበኛችን» ከሚለው እስከ «አደረሰዎ!» ያለው ሰላምታ ነው፤ የአንድ መልእክት ግማሽ ማለት ነው።

አንዳንድ ሰዎች አማርኛውን በላቲን ፊደል ጻፊው፣ 160 ታገኛለሽ ብለው መከሩኝ። ይህን ምክር ፈጽሞ አልቀበለውም። የባልትና ደንበኞች አብዛኛዎቹ እናቶች ናቸው፤ በገዛ ቋንቋቸው የተጻፈን ነገር ፊደል በፊደል እየቆጠሩ እንዲፈቱ ማድረግ ንቀት ነው። በዚያ ላይ ስሌቱም ያን ያህል አያዋጣም። የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይዞ ስለሚሄድ «እናደርሳለን» በሰባት ፊደል ያልቃል፤ በላቲን ሲጻፍ ከአሥር ይበልጣል። 70 ፊደል ጠባብ ቢሆንም የሚመስለንን ያህል ጠባብ አይደለም።

መውጫውን ያገኘሁት ግን ከቁጥሩ ሳይሆን ከሱቁ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሄጄ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሰው ሲገዛ ተመለከትኩ። አንዲት ሴት ገብተው ከምጥን ሽሮው ቆንጥረው በጣቶቻቸው አሹት፤ ወደ አፍንጫቸው ካስጠጉት በኋላ «መቼ ነው የተፈጨው?» አሉ። ባለቤቷም «ትናንት ነው የኔ እናት» አሉ። ሴትዮዋ ሁለት ኪሎ አስመዝነው ሄዱ። ከእሳቸው በኋላ የገቡት ሁለት ሰዎችም ስለ ጥራት አልጠየቁም፤ የጠየቁት መቼ እንደተፈጨና ስንት እንደሆነ ነው። ባለቤቷን ሽሮው የሚፈጨው በየስንት ቀኑ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ሰኞና ሐሙስ ነው የምናስፈጨው» አሉኝ። መልእክቱ ማክሰኞ ወይም ዓርብ ጠዋት ከተላከ «ትናንት የተፈጨ» የሚለው ቃል እውነት ይሆናል ማለት ነው። የመጨረሻው ጽሑፍ እንዲህ ሆነ፦

«ለጾሙ ሽሮ፣ ትናንት የተፈጨ። ኪሎው 280 ብር። ደውለው ይዘዙ፣ ዛሬ ቤትዎ እናደርሳለን።»

ይህ 56 ነው። አንድ ክፍተትና አሥር አሃዝ ያለው የስልክ ቁጥር ሲጨመርበት 67 ይሆናል፤ የሱቁ ስም በላኪው ቦታ ስለሚታይ ቦታ አይወስድም። ለመቁጠር የምጠቀመው ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ነው። በገጹ ላይ አሥር በሰባት የሆነ ሳጥን አሠምራለሁ፤ በእያንዳንዱ ካሬ አንድ ፊደል በእርሳስ እጽፋለሁ፤ ለክፍተት ባዶ ካሬ እተዋለሁ። ስልኩም ኮምፒዩተሩም መቁጠር እንደሚችሉ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በእጅ ሲጻፍ እያንዳንዱ ቃል የያዘው ስፋት ለዓይን ይታያል። «በተመጣጣኝ ዋጋ» ከነክፍተቱ ዘጠኝ ካሬ ይዞ ምንም ሳይናገር፣ «280 ብር» ስድስት ካሬ ይዞ ሁሉን ሲናገር ያየሁት በዚህ ደብተር ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ለቴሌግራምና ለፌስቡክ የምጽፈውን የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር እንኳ፣ ማንም ባያስገድደኝ፣ በዚያ ሳጥን ውስጥ ሳልሞክረው አልልክም።

የዚህ ሥራ መጨረሻ ግን አላማረም፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። በሚላክበት ዋዜማ ማታ ባለቤቷ ደውለው «ሰላምታ ሳይኖረው ደረቅ አይሆንም ወይ?» አሉኝ። ልክ ናቸው ብዬ «መልካም ጾም!» የሚለውን ከፊት ጨመርኩና ሳልቆጥር ላክሁት። ከነክፍተቱና ከነምልክቱ ስምንት ካሬ፣ ከኋላውም አንድ ክፍተት ነው፤ 67 የነበረው 76 ሆነ። 1,800 መልእክት የ3,600 ዋጋ አስከፈለ። ጠዋት ሳውቅ ወዲያው ደውዬ ነገርኳቸው፤ ከተስማማንበት 3,000 ብር ቀሪውን ግማሽ እንዳይከፍሉኝም ለመንኳቸው። ሽሮው ከቀትር በፊት አልቆ ስለነበር አልተቆጡም፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የአንዲት ቃል ለውጥ እንኳ ቢመጣ ከመጀመሪያው ካሬ እንደገና እቆጥራለሁ። ለሁለተኛው ሥራ የጠሩኝ በጽሑፉ ይሁን ጥፋቴን ቀድሜ በመናገሬ እስካሁን አልጠየቅኳቸውም።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ጉዳይ አለ፤ የአንባቢው አጠራር። አንድ ትእዛዝ በአማርኛ ሲጻፍ ጾታን፣ ቁጥርንና አክብሮትን ሳይገልጽ አያልፍም። «ግዛ» ካልን ሴቷን አውጥተናል፤ «ግዙ» ካልን ብዙ ሰው ሰብስበናል፤ «ይግዙ» ካልን አክብረናል፣ ትንሽም ርቀናል። ከውጭ ቀመር የሚተረጉሙ ጀማሪዎች፣ እኔንም ጨምሮ፣ ሳያስቡት በ«አንተ» ይጽፋሉ። የእኔ ልማድ በግል ስልክ ለሚደርስ ነገር «እርስዎ»ን፣ ብዙ ሰው በአንድነት ለሚከታተለው ገጽ «እናንተ»ን መጠቀም ነው። ከሁሉ የከፋው በ«ውድ ደንበኛችን ይምጡ» ጀምሮ በ«ታገኛላችሁ» መጨረስ ሲሆን፣ ይህን ስሕተት በትልልቅ ድርጅቶች ማስታወቂያ ላይ ሳይ በጣም አዝናለሁ። ለወጣቶች ሲጻፍ ግን «እርስዎ» እንደሚከብድ አይቻለሁ፤ ለአንድ የስፖርት ልብስ ሱቅ ሦስቱንም አጠራር ሞክሬ አንዱም አላረካኝም፤ በመጨረሻ ትእዛዙን ትቼ ስለ ልብሱ ብቻ ጻፍኩ። የተሻለ መንገድ ያገኛችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ስለ ድምፅም አንድ ነገር ልጨምር። የሬዲዮ ጽሑፍ ተጽፎ አያልቅም። በስልኬ እየቀዳሁ ሳነበው፣ በእኔ አነባበብ 30 ሰከንድ ውስጥ ያለ ጥድፊያ የሚገባው ከ50 እስከ 55 ቃል ነው። የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ረጅም ዐረፍተ ነገር አድማጩን ምን እንደተደረገ ሳይነግር ያቆየዋል፤ አንባቢ ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት ይችላል፣ አድማጭ ግን አይችልም።

ስለ ገንዘብና ስለ ውል ብዙ የምመክረው የለኝም፤ እኔም ገና እየተማርኩ ነው። ግማሹን አስቀድሜ ሳልቀበል አልጀምርም፤ ማስተካከያው ከሁለት ጊዜ እንደማይበልጥ በጽሑፍ እናገራለሁ፤ ሆኖም ደንበኛ ለአራተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ እንቢ ማለት አሁንም ያቅተኛል። በአንድ ነገር ብቻ አልለሳለስም፦ ያላየሁትን አልጽፍም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ነገር ግን ሕጉ ባይኖርም እንኳ «በአገራችን የመጀመሪያው» ብሎ ለመጻፍ የመጀመሪያ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ሊኖረኝ ይገባል። በዚህ ምክንያት ሁለት ሥራ ቀርቶብኛል።

አዲሱ ሥራ ለትንሣኤ የሚሸጥ በርበሬ ነው። ባለቤቷ «ንጹሕ» የሚለው ቃል እንዲገባ ይፈልጋሉ፤ እኔ ደግሞ ንጹሕነቱን የሚያሳይ ነገር እየፈለግኩ ነው፤ ምክንያቱም ቆሻሻ በርበሬ እሸጣለሁ የሚል ነጋዴ የለም። ቅዳሜ ጠዋት ዛላው ሲቀነጠስና ሲታጠብ ለማየት ቀጠሮ ይዣለሁ። ረቂቁ እስከዚያ ድረስ በደብተሬ ላይ 73ኛው ካሬ ላይ ይቆያል።