በሌን ኮቭ ወንዝ ዳር፣ በእሳት አደጋ መኪና መንገድ ላይ

በሲድኒ ብሔራዊ ፓርክ ለማየት የግድ ከከተማ መውጣት አያስፈልግም። ሌን ኮቭ ብሔራዊ ፓርክ በስሙ የሚጠራውን ወንዝ ተከትሎ በሰሜናዊ ሰፈሮች መካከል የሚያልፍ ጠባብና ረዥም ደን ሲሆን፣ በግራም በቀኝም ከሸለቆው አናት ላይ የተሠሩ መኖሪያ ቤቶች ቁልቁል ይመለከቱታል። በ1938 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ መዝናኛነት ሲከፈት ታዋቂ የሆነው የታችኛው ክፍሉ ነው፤ ዛሬም ቤተሰብ ቅዳሜና እሑድ ሥጋ የሚጠብሰው እዚያ ነው። እኔ የሄድኩት ግን ከቶርንሊ ባቡር ጣቢያ ተነሥቶ ወንዙን ቁልቁል በሚከተለው በላይኛው በኩል ሲሆን፣ እዚያ እግረኛው አብዛኛውን ጊዜ የሚራመደው ለእርሱ ተብሎ ባልተሠራ መንገድ ላይ ነው። የእሳት አደጋ መኪናዎች፣ የኤሌክትሪክ መስመር ጠጋኞችና የፍሳሽ ቱቦ ሠራተኞች የሚገቡባቸው፣ ለሌላ ተሽከርካሪ በብረት በር የተዘጉ የጥገና መንገዶች ናቸው።

ከሜልበርን ወደ ሲድኒ የመጣሁት ለእኅቴ ልጅ ምርቃት ነበር። የእኅቴ ቤት በእንግዳ ስለተጨናነቀ ለእኔ በአንድ የመኪና መንገድ ዳር የሚገኝ ማደሪያ ተያዘልኝ፤ ያንን ሌሊት በአጭሩ ልለፈው ብል አልችልም። የአየር ማቀዝቀዣው ሲከፈት ይንቀጠቀጣል፣ ሲዘጋ ደግሞ ውኃውን ምንጣፉ ላይ ያንጠባጥባል። ከግድግዳው ማዶ ያሉት ሰዎች እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ የክሪኬት ጨዋታ ያዩ ነበር። ለዚህ ሁሉ 170 ዶላር ከፍዬ፣ ጠዋት ቁልፉን ስመልስ በካርድ ስለከፈልኩ ተጨማሪ መቶኛ እንደተቆረጠብኝ ከደረሰኙ ላይ አነበብኩ። ጣቢያው አጠገብ ከእኅቴ ልጅ ጋር ቡና ልንጠጣ በገባንበት ቤትም እሑድ በመሆኑ ብቻ በሂሳቡ ላይ 15 በመቶ ተጨመረ። ጭማሪው በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ተጽፎ ስለነበር ሕጋዊ ነው፤ በሕግ የተፈቀደ መሆኑ ግን ስኒው ግማሽ አረፋ መሆኑን አያስረሳም። የእኅቴ ልጅ በንዴቴ ስትስቅ፣ እዚያው ያደገች መሆኗን አስታወስኩ።

በከተማው ጎዳናዎች መካከል ስላለፍንበት የመጀመሪያ ክፍል የምለው የለም። ደኑ የጀመረው የብረቱን በር በጎኑ አልፈን ቁልቁል መውረድ ስንጀምር ነው፤ እኔም መንገዱን ማየት የጀመርኩት ከዚያ ወዲያ ነው። አገር ቤት ሳለሁ ዕድሜዬን የጨረስኩት በመንገድ ሥራ ሳይት ላይ ስለሆነ፣ ሰው ዛፉንና ወፉን ሲያይ የእኔ ዓይን ወደ መሬት ይወርዳል። ቁልቁለቱ በጣም በሚበረታበት ቦታ ላይ ብቻ ኮንክሪት ፈስሶበታል፤ የቀረው የተጠቀጠቀ ጠጠርና አሸዋማ አፈር ነው። በየተወሰነ ርቀት መንገዱን በሰያፍ የሚያቋርጥ ዝቅ ያለ የአፈር ጉብታ አለ። የዝናብ ውኃ ፍጥነት ሳያገኝ ከመንገዱ አውጥቶ ወደ ጫካው የሚመራው ይኸው ጉብታ ሲሆን፣ ውኃው በሚወርድበት ጫፍ ላይ ደግሞ ጉልበቱን የሚሰብሩ ድንጋዮች በእጅ ተደርድረዋል። ሥራው ርካሽና ቀላል ነው፤ የሚጠይቀው በየዓመቱ ደለሉን የሚጠርግ ሰው ብቻ ነው። ሰሌክት የሚባለውን የተመረጠ አፈር ለብሰው፣ መንገድ ደልዳዩ ግሬደር አልፎባቸው፣ ሪባን ተቆርጦላቸው በሁለተኛው ክረምት የጎርፍ ቦይ የሆኑ ስንት የገጠር መንገዶችን እንደማውቅ ሳስብ፣ ጎንበስ ብዬ የአንዱን ጉብታ ቁመት በስንዝር ለካሁ።

«ጋሼ፣ የተመረቅሁት እኔ ነኝ፤ ፈተና ላይ ያስቀመጡት ግን መንገዱን ነው» አለችኝ የእኅቴ ልጅ።

ወደ ወንዙ እየቀረብን ስንሄድ ሽታ መጣ። ፈርን ከሚባለው ቅጠላም ተክልና ከቁጥቋጦው መካከል፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ ክብ ኮንክሪት በብረት ክዳን ተሸፍኖ ቆሟል፤ ትንሽ ራቅ ብሎ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ፍሳሽ የሚሄደው እንደ ማንኛውም ውኃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ስለሆነ፣ ከሸለቆው አናት ላይ ካሉት ቤቶች የሚወርደው ሁሉ የሚሰበሰበው ጅረቱን ተከትሎ በተቀበረ ቱቦ ነው፤ ቱቦው ካለ ጠጋኝ አለ፣ ጠጋኝ ካለ መንገድ አለ። ከራሳችን በላይ ደግሞ ሸለቆውን የሚሻገር የከፍተኛ ኃይል መስመር ያጉረመርማል፤ ከሥሩ ዛፉ ተመንጥሮ ሰፊ ባዶ ሰቅ ተፈጥሯል። ስለ ተፈጥሮ ውበት የሚጽፉ መንገደኞች ይህን ሲያልፉት አስተውያለሁ። እኔን ግን ከፏፏቴ ይልቅ ይህ ይስበኛል፤ ከተማው ቆሻሻውንም መብራቱንም የሚያሳልፍበትን ደን ዛፉን ሳይጨርስ እንዴት እንደያዘው እዚህ በግልጽ ይታያልና።

ስለ ዛፉ ማንሳት ለአንድ ኢትዮጵያዊ ግዴታ ነው፤ በባሕር ዛፍ አገር መካከል ነበርንና። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ አዲስ አበባ የመጣው ነጭ ባሕር ዛፍ ዋና ቤቱ ከሲድኒ በስተደቡብ፣ በታዝማኒያና በቪክቶሪያ ነው፤ ቀዩ ባሕር ዛፍ ደግሞ ከባሕሩ ርቀው በሚፈሱ ወንዞች ዳር ይበቅላል። በሌን ኮቭ ያሉት የእነዚህ ዘመዶች ናቸው። ከመካከላቸው ዓይን የሚይዘው አንጎፎራ የሚባለው፣ ለባሕር ዛፍ የቅርብ ዘመድ የሆነው ዛፍ ነው። በኅዳር አሮጌውን ግራጫ ቅርፊቱን እየቀረፈ ይጥላል፤ ከሥሩ የሚወጣው አዲሱ ብርቱካንማና ሮዝ ሆኖ ስዳስሰው ለስላሳና ቀዝቃዛ ነበር። ቅርንጫፎቹ ክንድ ታጥፎ እንደሚዘረጋ ይጠማዘዛሉ፤ አንዱ ሥሩን በአሸዋ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ አፍስሶ፣ ቋጥኙን አቅፎ የደረቀ ሰም መስሏል። ሌላ ደግሞ በነጭ ግንዱ ላይ ሕፃን በእርሳስ የሞነጫጨረ የሚመስል ምልክት ያለበት ባሕር ዛፍ አለ፤ ምልክቱን የሚተወው ቅርፊቱን ውስጥ ለውስጥ እየበላ የሚሄድ የእሳት ራት ዕጭ ነው።

ከእንጦጦ የተለየብኝ ግን ከዛፎቹ ሥር ያለው ነው። በእንጦጦ በባሕር ዛፍ ሥር የሚታየኝ ደረቅ ቅጠልና ባዶ አፈር ነበር፤ ዛፉንም ምንጭ አድራቂ ብለን ስንከሰው ኖረናል። እዚህ ከሥሩ ወገብ የሚደርስ ቁጥቋጦ፣ ከቁጥቋጦው ሥር ፈርን፣ ከፈርኑ ሥር እርጥብ ሞስ (መሬት ላይ የሚለጠፍ ትንሽ አረንጓዴ ዕፅ) እና የሚፈስ ጅረት አለ። እኛ ዛፉን ብቻውን አምጥተን በረድፍ ተከልነው፤ አብረውት የሚኖሩትን አላመጣንም። እየጠረግን ቅጠሉን ለምጣድ የወሰድነውም እኛው ነን፤ ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ ለዛፉ መስጠት አሁን ትንሽ ይከብደኛል።

ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ወንዙ ዳር ያለው ጠባብ መንገድ ጭቃ ነበር፤ የእኅቴ ልጅ ጩኸት የተሰማውም እዚያ ነው። አልቅት ከካልሲዋ በላይ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ተጣብቆ ጠጥቶ አብጧል። በእኛ አገር አልቅት የሚታወቀው ከብት ውኃ ሲጠጣ አፉና ጉሮሮው ውስጥ ገብቶ ሲጣበቅ ነው፤ የሲድኒው ግን ውኃ ውስጥ እስኪገቡለት አይጠብቅም፣ ከእርጥብ ቅጠል ላይ ተነሥቶ እግር ይፈልጋል። እኔ ልመነግለው ስል፣ ጥቂት ራቅ ብለው ተንበርክከው አረም ይነቅሉ የነበሩ አንዲት አረጋዊት «ተዉት፣ አይጎትቱት» በሚል ምልክት እጃቸውን እያወዛወዙ መጡ። ከቦርሳቸው በፎቶ ፊልም ማስቀመጫ ዕቃ የተያዘ ጨው አውጥተው ቆንጠር አድርገው ነሰነሱበት፤ አልቅቱ ተኮማትሮ ወደቀ። ደሙ ግን ለረዥም ጊዜ አልቆመም፤ አልቅት ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር ስለሚለቅ ነው ብለው በራሳቸው መሐረብ ጠቅልለው አሰሩላት። መሐረቡን እንዴት እንመልስ ስንላቸው ሳቁ።

ሴትዮዋ ከጎረቤቶቻቸው ጋር በፈቃደኝነት ወደ ጫካው እየመጡ የሚነቅሉት ላንታናና ከሰዎች ግቢ አምልጦ ጅረቱን ተከትሎ የተዛመተውን ሌላ መጤ ቁጥቋጦ ነው። እኛም መጤ ዛፍ ካበዛ አገር እንደመጣን፣ ያውም የእርሳቸውን ዛፍ እንዳበዛን ስነግራቸው በጣም ተገረሙ። ከዚያም ሥራቸውን ትተው አንድ ክምር ሊያሳዩን ወሰዱን። ከቅጠልና ከአፈር የተሠራ፣ ደረቴ የሚደርስና ሦስት ሰው ተኝቶበት የሚበቃ ክምር ነው፤ ማዳበሪያ ለመሥራት ሰው የቆለለው መስሎኝ ነበር። የሠራው ብሩሽ ተርኪ የሚባል ጥቁር፣ ራሱ ቀይና ላባ የሌለው፣ ከዶሮ ተለቅ ያለ ወፍ ነው። ወንዱ ቅጠሉን በእግሩ እየጠረገ ይከምራል፤ ሴቶቹ እንቁላላቸውን ውስጡ ይቀብራሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚያቅፍ የለም፣ እንቁላሉን የሚያሞቀው የቅጠሉ መበስበስ ነው። ወንዱ ምንቃሩን ወደ ውስጥ እየሰደደ ሙቀቱን ይለካል፤ ሲበዛ ቅጠል ያነሣል፣ ሲያንስ ይጨምራል። እያየነው መጣና፣ እኛን ከቁም ነገር ሳይቆጥር ወደ ኋላ እየረገጠ ቅጠል ወረወረብን። ጫጩቱ ከተፈለፈለ በኋላ ክምሩን ራሱ ቆፍሮ ወጥቶ ያለ እናትና ያለ አባት ይኖራል። የእኅቴ ልጅ፣ አዋላጅ ነርስ ለመሆን የምታስብ በመሆኗ ይመስላል፣ ይህን መጨረሻውን አልወደደችውም።

መንገዱ ለምን ይህን ያህል ሰፊ እንደሆነ የጠየቅሁት ከእርሳቸው ጋር ወደ ኋላ ስንመለስ ነው። በጥር 1994 እ.ኤ.አ. የተነሣው እሳት የፓርኩን ሰፊ ክፍል አቃጥሎ መኖሪያ ቤቶችንም በልቷል። ውኃ የጫነ መኪና እሳቱ አጠገብ ካልደረሰ ሸለቆው ውስጥ የተነሣ ነበልባል ዳገቱን በደቂቃዎች ይወጣል፤ ከበጋ በፊት ሆን ተብሎ የሚለኮሰው አነስተኛ ቃጠሎም የሚጀመረው ከእነዚህ መንገዶች ጠርዝ ላይ ነው። ሴትዮዋ በአንድ ግንድ ላይ የቀረውን ጥቁር ጠባሳ አሳዩን፤ ከጠባሳው በላይ ዛፉ በሙሉ ጤንነት ቆሟል። ባሕር ዛፍ ቅጠሉ ተቃጥሎ ሲያልቅ ከቅርፊቱ ሥር የተኛው እምቡጥ ይነቃና ግንዱ ሁሉ ቅጠል ያወጣል። እንጦጦ ላይ በመጥረቢያ የተቆረጠው ጉቶ በወራት ውስጥ ለምን ዙሪያውን እንደሚያቆጠቁጥ ያን ጊዜ ገባኝ። ደሃውን የአዲስ አበባ ነዋሪ ከመቶ ዓመት በላይ ማገዶና አጠና ያስገኘለት ችሎታ ዛፉ በአገሩ እሳትን ለመቋቋም የያዘው ነው።

ከዚያ እስከ ብራውንስ ዋተርሆል ያለው መንገድ ረዥም ነበር፤ ሲካዳ የሚባሉት ነፍሳት ጩኸት ከጆሮ በላይ ስለሆነ ብዙም ሳንነጋገር አለፍነው። ብራውንስ ዋተርሆል ወንዙ የሚሰፋበት ቦታ ሲሆን፣ ከወዲህ ወደ ማዶ የሚያሻግረው ዝቅ ብሎ የተሠራ የኮንክሪት መሻገሪያ ነው። በዚያ ቀን ውኃው በስሱ ከላዩ ይፈስ ስለነበር ጫማ አውልቀን ተሻገርን፤ ብስክሌተኞች ግን ሳይቀንሱ እያለፉ ሁለት ጊዜ አረጠቡን፣ አንዱም ይቅርታ አላለም። የሚያበሳጨኝ ነገር ይህ ነበር፤ በጥገና መንገድ ላይ ብስክሌት መንዳት በተፈቀደበት ሁሉ ቁልቁል የሚወርደው ሰው እግረኛውን እንደ ጉብታ ይቆጥረዋል።

ከመሻገሪያው ወዲያ ዳገቱን ወጥተን፣ በመኖሪያ ሰፈር በኩል ማኳሪ ዩኒቨርሲቲ ሜትሮ ጣቢያ ስንደርስ ከቀኑ 9 ሰዓት አልፎ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ይህ መስመር ሾፌር የለውም፤ ከጭቃው ወጥቶ በዚያ ንጹሕ ወንበር ላይ መቀመጥ ያሳፍራል።

ለመሄድ የሚያስብ ሰው በእግር ለመግባት ምንም አይከፍልም፤ ክፍያው በመኪና ለሚገባ ነው። ቅዳሜና እሑድ የባቡሩና የሜትሮው የቀን ሂሳብ ጣሪያ ስላለው ደርሶ መልሱ ብዙ አያስወጣም፤ ከዚያች ስኒ ቡና ጋር ሳነጻጽረው አሁንም ይገርመኛል። ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ የብራውንስ ዋተርሆል መሻገሪያ በውኃ ስለሚሸፈን ማለፍ አይቻልም፤ የእሳት አደጋ በሚያሰጋባቸው ቀናትም ፓርኩ ሊዘጋ ስለሚችል ከመነሣት በፊት ማጣራት ያስፈልጋል። በመንገዱ ላይ የሚሸጥ ውኃም ምግብም የለም። ካልሲ ረዥም ይሁን፣ ጨውም በትንሽ ዕቃ ይያዝ።