የሬምብራንት ዛጎልና ውስጡ የኖረው አዳኝ

ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1650 በመዳብ ሰሌዳ ላይ ጭሮ ያተማት አንዲት ትንሽ የዛጎል ሥዕል አለች። ለዓመታት ሳደንቃት ኖሬ ስሕተቷን ያስተዋልሁት ግን እውነተኛውን ዛጎል ይዤ ከሥዕሏ ጋር ባስተያየሁ ዕለት ነው። ጥምዝምዙን ወደ ላይ፣ አፉን ወደ እኔ አድርጌ ስይዘው የዛጎሉ አፍ በስተቀኝ ይውላል፤ በሥዕሏ ላይ ግን ጥምዝምዙ በተቃራኒው ይዞራል። ሠዓሊው ያየውን እንዳለ በሰሌዳው ላይ ቀረጸ፤ ኅትመት ደግሞ እንደ መስታወት ግራውን ቀኝ ያደርጋል። የሚገርመኝ፣ ፊርማውንና ዓመቱን በትክክል እንዲነበቡ አስቀድሞ ገልብጦ መጻፉን አለመዘንጋቱ ነው።

ዛጎሉ ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኔየስ በ1758 ኮነስ ማርሞሪየስ ብሎ የመዘገበው የባሕር ቀንድ አውጣ ነው፤ ስሙም እብነ በረድ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ቅርጹ ሾጣጣ፣ መደቡ ጥቁር ሆኖ ሦስት ማዕዘን የሚመስሉ ነጫጭ ጠብታዎች ተበትነውበታል፤ ትከሻው ላይ እንደ ዘውድ የተደረደሩ ጉብታዎች አሉት፤ አፉም በቁመቱ የወረደ ጠባብ ስንጥቅ ነው። እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል።

ባለቤቱ ግን እንደ ቤቱ የተረጋጋ አይደለም። በሕንድና በምዕራብ ፓስፊክ ውቅያኖሶች ኮራል መካከል እያደባ ሌሎች ቀንድ አውጣዎችን፣ የራሱን ዘመዶች ሳይቀር ያድናል። መሣሪያው በኩምቢው ጫፍ የሚይዘው፣ ውስጡ ክፍት የሆነና እሾህ ያለው አንድ ጥርስ ነው፤ በመርዝ ተሞልቶ ይወረወራል፣ አንድ ጊዜ ካገለገለም በኋላ ተመልሶ ጥቅም ላይ አይውልም። ዓሣ የሚያድኑት ዘመዶቹ ብዙውን ጊዜ አንድ ጥርስ ወግተው የያዙትን ሳይለቁ ሲጎትቱ፣ ቀንድ አውጣ በሊታዎቹ ደጋግመው መውጋት ይችላሉ። የታዳኙን ዛጎል መብሳትም መስበርም አያስፈልጋቸውም፤ መርዙ ሥራውን ከሠራ በኋላ ሥጋውን በዛጎሉ አፍ በኩል ያወጡታል። በሕይወት ያለ ኮነስ በባዶ እጅ የማይነሣው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ከውስጥ ያለው ነው። እንስሳው እያደገ ሲሄድ የቀድሞዎቹን የውስጥ ግድግዳዎች እያሟሟ ያሳሳቸዋል፤ በዚህም ለገላው ቦታ ያሰፋል። ስለዚህ ተቆርጦ የተከፈተ ዛጎል ሲታይ የውጩ ግድግዳ ወፍራም፣ የውስጦቹ ግን ስስ ሆነው ይገኛሉ።

ያ ሁሉ ጌጥ ለማን ታይቶ ይሆን? እንስሳው ቀን ቀን አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ይውላል፣ ለአደን የሚወጣው በጨለማ ነው፤ በሕይወት ሳለም ዛጎሉን ስስ ሽፋን አልብሶ ጥለቱን ያደበዝዘዋል። ሬምብራንት ነጫጮቹን ጠብታዎች አንድ በአንድ ሊቆጥራቸው የቻለው ዛጎሉ እርሱ ዘንድ የደረሰው ሽፋኑ ከለቀቀ፣ አዳኙም ከሞተ በኋላ ስለ ነበር ነው።