የ1956ቷ ተንደርበርድና የአባቴ ቮልስ

ሎስ አንጀለስ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ ሆቴል በር ላይ መኪና ተቀብሎ የማቆም ሥራ አገኘሁ። ቴስላውም ቤንትሌውም ለእኛ ያው ነው። ቁልፍ ትቀበላለህ፣ ታቆማለህ፣ ጉርሻህን ኪስህ ትከታለህ። አንድ ቅዳሜ ማታ ግን የ1956 ፎርድ ተንደርበርድ መጣች።

ነጭ ናት። ስኮርታዋ ከኋላ፣ ከውጭ በኩል እንደ ጌጥ ተቀምጧል። የወረዱት ሴትዮ ሰማንያውን ሳያልፉት አይቀሩም። ቀይ ሊፕስቲክ፣ ጥቁር መነጽር፣ አገጭ ሥር የታሰረ የሐር ሻሽ። የፊልም ተዋናይዋ ሶፊያ ሎረን ራሷ የመጣች መሰለኝ። አክስቴ ፎቶዋን ከመጽሔት ቆርጣ ቁም ሣጥኗ ላይ ለጥፋ ስለነበር ያንን አለባበስ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ።

አብሮኝ የሚሠራው የጎንደር ልጅ ወደ ውስጥ አየት አደረገና ቁልፉን ወረወረልኝ።

«ጋሼ፣ ይቺ ባለ ማርሽ ናት። አንተው ቻላት።»

መንዳት የለመደው እዚህ ነው፤ ፍሪሲዮን ረግጦ አያውቅም። እኔ የተማርኩት በአባቴ ቮልስ፣ ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ። ያቺን ያስነሳ ሰው ምን ያቅተዋል ብዬ እየተኩራራሁ ገባሁ።

ኩራቴ ሁለት ደቂቃ አልቆየም። መሪው የወፍጮ ድንጋይ ነው። ወንበሩ ቤንዚንና አሮጌ ቆዳ ይሸታል። ፍሬኑን እንደ ዘንድሮ መኪና ነካ ባደርገው ማን ሰምቶኝ! ወደ ምሰሶው ስትንደረደር በሁለት እግሬ ቆምኩበት። አንድ ስንዝር ሲቀራት ቆመች። የማሪሊን ሞንሮ ጥቁር ተንደርበርድ፣ እሷም የ1956 ሥሪት፣ በ2018 ጨረታ በ490 ሺህ ዶላር መሸጧን ያወቅኩት ኋላ ነው። ቀድሜ ብሰማ ኖሮ ቁልፉንም ባልነካሁ።

ሴትዮዋ ሲወጡ መኪናዋን አመሰገንኩላቸው። ከየት እንደሆንኩ ጠየቁኝ።

«ኢትዮጵያ? እንግዲያው ፌርፋክስን ታውቀዋለህ!»

እንዴት አላውቅም፤ በየሳምንቱ ሽሮ የምበላው እዚያ ሊትል ኢትዮጵያ ነው። «በዚያው ጎዳና ወደ ዊልሸር ውጣ» አሉኝ። ፒተርሰን የሚባለው የመኪና ሙዚየም የተዋናይዋ የሪታ ሄይወርዝ የነበረች የ1953 ካዲላክ አለው። አካሏን የሠራው ጊያ የሚባለው የኢጣልያ ኩባንያ ነው። ባሏ የነበረው ልዑል አሊ ካን ነው የሰጣት ይባላል።

«እነዚህ ተዋናዮች ግን ይነዱ ነበር ወይስ ለፎቶ ብቻ ነው የሚቀመጡት?» አልኳቸው። አፌ አያርፍም።

መነጽራቸውን አወለቁ። ፍሎረንስ ሎረንስ ስለምትባል የድምፅ አልባ ፊልም ተዋናይ ነገሩኝ። የመጀመሪያዋ የፊልም ኮከብ እያሉ ይጠሯታል። ያኔ ኩባንያዎቹ የተዋናይ ስም ስለማያወጡ ተመልካቹ በፊልም ኩባንያዋ ስም «የባዮግራፍ ልጅ» ይላት ነበር። መኪና ነፍሷ ነው። በ1910ሮቹ ቁልፍ ሲጫኑት ከኋላ ብድግ ብሎ መታጠፊያውን የሚያሳይ ነገር ሠራች፤ ፍሬን ሲረገጥ ደግሞ «ቁም» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። የፍሬቻና የፍሬን መብራት አያት በለው። የፈጠራ መብቷን ስላላስመዘገበች አንድ ሳንቲም አላገኘችበትም። በ1938 ሞተች። ሆሊውድ ፎርኤቨር የሚባለው መካነ መቃብር ያለው መቃብሯ ላይ ስሟ የተጻፈበት ድንጋይ የቆመው በ1991 ነው።

አምስት ዶላር ሰጡኝና ገቡ። ማርሿን ያለ ምንም ድምፅ አስገቡ፤ እኔ እንኳ አስጩኼያት ነበር። መውጫው ጋ ሲደርሱ ፍሬቻ ወደ ግራ አሳዩና ወደ ቀኝ ታጠፉ።