የወጨጫው ዱካ በስንት ሰዓት ተጀመረ?

የአዲስ አበባን ዙሪያ በእግር የምናካልል ሰዎች የጂፒኤስ ዱካ (መሣሪያው በሳተላይት እየተመራ የሄድንበትን መንገድ ነጥብ በነጥብ የሚመዘግብበት ፋይል) መለዋወጥ ከጀመርን ወዲህ የሚያከራክረን መንገዱ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። መስመሩ ካርታው ላይ ልክ ይቀመጣል፤ በእንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ ያለችው ጠመዝማዛ እንኳ ሳትቀር። ሰዓቱ ግን በአንዱ ኮምፒውተር 4፡20፣ በሌላው 7፡20፣ በማስታወሻ ደብተር ደግሞ 1፡20 ሆኖ ይገኛል። ሦስቱም አንድ ቅጽበት ናቸው። ይህን ጣጣ ለመፍታት ፋይሎችን ስገላብጥ ከርሜአለሁና እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ዱካው የሚቀመጥበት የጂፒኤክስ ፋይል በማንኛውም የጽሑፍ ማዘጋጃ ይከፈታል፤ እስካሁን ያልሞከረ ሰው ዛሬውኑ ይሞክር። እያንዳንዱ ነጥብ ኬክሮስ፣ ኬንትሮስ፣ ከፍታና ጊዜ አለው። ጊዜው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ተጽፎ መጨረሻው ላይ ዜድ የተባለችው የላቲን ፊደል ትለጠፍበታለች። ፊደሏ የምትናገረው ሰዓቱ ዩቲሲ፣ ማለትም የየአገሩ ሰዓት የሚለካበት የዓለም መነሻ ሰዓት መሆኑን ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው የጂፒኤክስ 1.1 ደንብም ጊዜው የአካባቢ ሰዓት እንዳይሆን በግልጽ ያዝዛል። ስለዚህ ደንቡን በሚከተል መሣሪያ ላይ የምትመርጡት የሰዓት ሰቅ የሚለውጠው በስክሪኑ የምታዩትን ነው፤ በነጥቦቹ ላይ የሚጻፈውን ጊዜ አይነካም። ኢትዮጵያ ዩቲሲን በ3 ሰዓት ትቀድማለች፤ በጋ ገባ ክረምት ወጣ ብላም ሰዓቷን አትለዋውጥም። በመሣሪያው ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባን ያጣ ሰው ናይሮቢን ይምረጥ። አቴንስን የመረጠ በአውሮፓ በጋ ልክ ይሆንለትና ጥቅምት ላይ እዚያ ሰዓት ሲቀየር በአንድ ሰዓት ይስታል።

ፈተናው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በመናገሻ በኩል ወደ ወጨጫ ተራራ ለመውጣት ከጠዋቱ 1፡20 ላይ ተነሣን እንበል። በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት 7፡20 ነው፤ በዩቲሲ 4፡20። ፋይሉን የከፈተ ሰው 4፡20ን ያያል፤ ደብተሩን ሲገልጥ 1፡20 ይላል፤ ልዩነቱ 3 ነው። ኢትዮጵያና ዩቲሲ በ3 እንደሚለያዩም ሰምቷል። ሁለቱ ሦስቶች ገጠሙለትና ልቡ አረፈ። ነገር ግን አንዱ ሦስት የሚደመር፣ ሌላው የሚቀነስ ነው! ከዩቲሲ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ለመሄድ 3 እንደምራለን፤ ከዚያ ወደ እኛ አቆጣጠር ለመምጣት 6 እንቀንሳለን፤ የሁለቱ ድምር ውጤት ከዩቲሲ ላይ 3 መቀነስ ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው 4፡20 ላይ 3 ደምሮ 7፡20 ያገኝና በእኛ ሰዓት ያነበዋል፤ ጠዋት የተነሣው መንገደኛ ከምሳ በኋላ የተነሣ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ነገሩ ይበልጥ የሚወሳሰበው ደግሞ አንድ ቅን ሰው ፋይሉን ላስተካክል ሲል ነው። ዱካን በጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያንቀሳቅሱ ፕሮግራሞች አሉ፤ ጂፒኤስባቤል አንዱ ነው። ሰውየው በሁሉም ነጥቦች ላይ 3 ሰዓት ደምሮ ያስቀምጠዋል። ዜዷ ግን ከቦታዋ አልተነሣችም፤ አሁንም ዩቲሲ ነኝ እያለች ትዋሻለች። ፋይሉን የተቀበለው ሌላ ሰው ኮምፒውተር ፊደሏን አምኖ ሌላ 3 ይደምርበትና 10፡20 ያሳየዋል፤ በእኛ ረፋድ 4፡20 ማለት ነው። እዩት እንግዲህ፦ ባልተነካው ፋይል ውስጥ የነበረው 4፡20 ነው፤ ሁለት ጊዜ የተደመረበትም ወደ እኛ ሰዓት ሲመለስ 4፡20 ነው። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው ሁለቱን ሊለያቸው አይችልም። ከዚህ በኋላ እኔ ጥሬውን ፋይል አልነካም፤ ለሌላ ሰው የምልከውም ያንኑ ጥሬውን ነው። የአገራችንን ሰዓት የሚፈልግ በራሱ ሠንጠረዥ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሮ ያስላ።

አጠራጣሪ ፋይል ሲደርሰኝ የማምነው ዳኛ ፀሐይ ናት። አዲስ አበባ በ38.75 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ አናት ላይ የምትሆነው በአማካይ ከቀኑ 6፡25 ገደማ ነው፤ እንደ ወሩ በሩብ ሰዓት ያህል ወደዚያም ወደዚህም ትላለች። ከጠዋቱ 1፡20 ላይ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ጥላ ከቁመቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይረዝማል። ረፋድ 4፡20 ላይ ግን ከቁመቱ እምብዛም አይበልጥም። በመንገዱ መጀመሪያ ላይ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ካለ ክርክሩ እዚያው ያልቃል። ተዳፋት ላይ የተነሣ ፎቶግራፍ አታምጡብኝ እንጂ።

በዕድሜ የሚበልጡን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው የራሳቸው መላ አላቸው። የእጅ ጂፒኤሳቸውን በቦነስ አይረስ ሰዓት ሞልተውታል! መጀመሪያ ሳየው ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ሳሰላው ግን ሒሳቡ እንከን የለውም። አርጀንቲና ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ስለዚህ በ12 ሰዓት አቆጣጠር ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር የእኛው ሰዓት ነው። የፈረንጁ የጠዋት ምልክት ከኛ ንጋት እስከ ምሽት፣ የከሰዓት ምልክቱ ደግሞ ከምሽት እስከ ንጋት ይሆናል፤ ቀኑም የሚለወጠው በእኛ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። «ተራራ ላይ ቁሜ ስድስት መቀነስ አልፈልግም» ይላሉ ጋሼ። እውነታቸውን ነው። የሚያሰጋኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ብዙ መሣሪያዎች ለፋይሉ ስም የሚያወጡት በስክሪኑ ሰዓት ስለሆነ የፋይሉ ስምና ውስጡ በ3 ሰዓት ይለያያሉ። ሁለተኛ፣ ጊዜውን ያለ ሰቅ ምልክት በተራ ሠንጠረዥ የሚጽፍ መመዝገቢያ ላይ ይህን ያደረገ ሰው ፋይሉን አርጀንቲናዊ አድርጎ ያስቀረዋል። ስልክ ላይ ማድረጉንማ አልመክርም፤ ቀጠሮ የሚባል ነገር ይበላሻል።

የካሜራ ጉዳይ ከዱካው ይብሳል። ካሜራ በፎቶው ላይ የሚጽፈው ሰዓት ለረጅም ጊዜ የሰዓት ሰቅ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ቦታ የተሰጠው በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣው የኤግዚፍ (ካሜራ ከፎቶው ጋር የሚጽፈው መረጃ) ደንብ ነው። አሮጌ ካሜራ የያዘ ሰው ሰዓቱን በአበሻ ይሙላው በፈረንጅ፣ ፎቶው አይናገርም። ፎቶንና ዱካን የሚያጋባው ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ የኮምፒውተሩን ሰዓት ሰቅ ተከትሎ ይገምታል። አንድ ጓደኛችን ከአሜሪካ የመጣለትን ላፕቶፕ የሰዓት ሰቁን ሳይለውጥ ሲሠራበት የዋሻ ሚካኤል ፎቶግራፎቹ በሙሉ ዱካው ካለቀ በኋላ እንደተነሡ ተቆጥረው አንድም ነጥብ ሳያገኙ ቀሩ። መፍትሔው ከምንም ቀላል ነው፦ ጂፒኤሱ ሳተላይት ከያዘ በኋላ የሰዓቱን ገጽ ክፈቱና በዚያው ካሜራ ፎቶ አንሡት። በፎቶው ላይ የሚነበበውና ካሜራው የጻፈው ሰዓት ልዩነት ሰቁንም፣ የካሜራውን መዘግየትም አንድ ላይ ይሰጣችኋል። የየካን ኮረብታና የሱሉልታን ሜዳ ፎቶዎቼን ያስተካከልኩት በዚህ ነው፤ ምንም ሰቅ መገመት አላስፈለገኝም።

ለክብረ በዓል ሌሊት ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጡ ሰዎች ደግሞ ይህን ልብ ይበሉ፦ የዩቲሲ ቀን የሚለወጠው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። 8 ሰዓት ላይ የተነሣ ሰው የመጀመሪያዎቹ ነጥቦች የትናንት ቀን ይዘው ይገኛሉ፤ በዩቲሲ ቀን ፋይል በሚከፍል መሣሪያ ላይም ዱካው መንገድ ላይ ለሁለት ይቆረጣል። አልጠፋም፤ ሌላኛው ግማሽ በሌላ ቀን ስም አለ።

ስለ ሰከንዶች የጠየቃችሁኝ ነበራችሁ። የጂፒኤስ የራሱ ሰዓት ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩቲሲን በ18 ሰከንድ ይቀድማል፤ መሣሪያው ይህን ከሳተላይቱ መልእክት ተቀብሎ ያስተካክላል። በ18 ሰከንድ እግረኛ የሚሄደው 20 ሜትር ያህል ነው፤ እኔ አልጨነቅበትም።

የሚያስጨንቀው ቀኑ ነው። ከየረር ተራራ የመጣልኝ አንድ ዱካ በአሮጌ መሣሪያ የተቀዳ ሲሆን ሃያ ዓመት የሚጠጋ ወደ ኋላ የሄደ ቀን ይዟል። አንዱ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር መዝግቦ ይሆናል» አለ፤ ያማ ቢሆን ልዩነቱ ከ7 ወይም ከ8 ዓመት አያልፍም ነበር። ምክንያቱ የሳተላይቱ መልእክት የሚቆጥረው 1024 ሳምንት ብቻ መሆኑ ነው፤ ከዚያ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። በነሐሴ 1999 እና በሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. እንዲህ ሆኗል፤ ሶፍትዌራቸው ያልታደሰ አንዳንድ መሣሪያዎችም ከዚያ ወዲህ የሚጽፉት ቀን በ7,168 ቀናት ወደ ኋላ ይቀራል። ሰዓቱና ደቂቃው ልክ ስለሆነ የጎደሉትን ቀናት መደመር ብቻ ይበቃል።

ገና ያልፈታሁት የፉሪ ተራራን ዱካ ነው። አንዳንድ የቆዩ የእጅ ጂፒኤሶች ዱካውን በስም አስቀምጥ ስትሏቸው ቦታ ለመቆጠብ ጊዜውን ከየነጥቡ ይፍቁታል፤ ጊዜው የሚቀረው ገና ባልተቀመጠው ጥሬ ምዝግብ ላይ ብቻ ነው። የእኔ መሣሪያ ጥሬ ምዝግብ በኋላ በሄድንባቸው መንገዶች ተተክቷል። በዚያ ቀን ከእኔ ጋር የወጣችሁ ካላችሁ፣ ምንም ሳታስተካክሉ ከመሣሪያችሁ እንደወጣ ላኩልኝ።