ኪም ዌክስለርን ያለ ጂሚ

ሰሞኑን በቃ ኪም ዌክስለርን ኤዲት ሳደርግ ነው የከረምኩት። ቤተር ኮል ሶል የሚባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ላይ ያለችዋን ጠበቃ ማለቴ ነው። ከድራማው ክሊፕ እየቆረጥኩ አንድ ዘፈን ላይ ስሰካ፣ መልሼ ስነቅል፣ እንደገና ስሰካ። ተከታታዩን ያልጨረሳችሁ ካላችሁ እዚህ ጋ ተመለሱ፣ መጨረሻውን ሳላወራ ማለፍ አልችልም።

መነሻዬ ንዴት ነው። ስለሷ ተብለው የተሰሩ ኤዲቶች ስከፍት ያገኘሁት ሁሉ የሷና የጂሚ (የዋናው ገፀ ባህሪ፣ ኋላ ሶል የሚባለው ጠበቃ) ፍቅር ነው፣ እሱ ሲስቅ እሷ ስታይ፣ እሱ ሲወድቅ እሷ ስታለቅስ። ይገባኛል፣ ድራማው ራሱ በሱ ስም ነው የተሰየመው፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2022 በ6 ሲዝን 63 ኤፒሶድ ሙሉ ካሜራው እሱን ነው የሚከተለው። እኔን ግን ቁጭ አድርጋ ያስጨረሰችኝ እሷ ናት። (ድራማው 53 ጊዜ ለኤሚ ሽልማት ታጭቶ አንድም ሳይሸለም አለቀ እኮ! ኪምን የምትሰራዋ የሪያ ሲሆርን ትወና እያለ! ተዉት፣ ደሜ ይፈላል።) እና አንድ ህግ አወጣሁ፦ የጂሚ ፊት አንዴም አይታይም።

ህጉ ቀላል ይመስል ነበር ግን ጥሩ ጥሩ ትዕይንቶቿ ላይ ብዙ ጊዜ እሱ ጎኗ ነው ያለው፣ ወይ ትከሻው የፍሬሙን ጥግ ይዞታል ወይ እሷ አይኗን ወደሱ አድርጋ ነው። ክሮፕ ሳደርግ፣ ማለትም እሱን ቆርጬ እሷን ሳጎላ፣ ደግሞ ምስሉ ይደበዝዛል። ሲዝን 4 ላይ ስክሪኑ መሃሉ ላይ በጥቁር መስመር ተከፍሎ፣ እሱ በአንድ በኩል እሷ በሌላ በኩል ሆነው አንድ ቤት እየኖሩ ወራት እንዴት እያራራቃቸው እንደሄደ የሚያሳየውን ታስታውሱ የለ? እሱን ላጎላው ስሞክር የሷ ግማሽ 960 ፒክስል ብቻ ሆነና ሲለጠጥ አስቀየመኝ። ከዛ ለምን እለጥጠዋለሁ አልኩ፣ የሱን ግማሽ በጥቁር ሸፈንኩትና እሷ በቦታዋ ቀረች። ጥርሷን ትቦርሻለች፣ ጎኗ ጨለማ ነው። ከጠቅላላው ኤዲት የምወደው ቦታ ይሄ ሆነ።

ሌላው ጣጣ አፍ ነው። ዘፈን ላይ የሚያወራ ሰው ክሊፕ ስታስገቡ ከንፈሩ ከዘፋኙ ድምፅ ጋር ይጣላል፣ የማታ ዜና ድምፁን አጥፍታችሁ እንደማየት ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው ዝም ያለ ፊት ነው፣ ኪም ደግሞ የዝምታ ንግስት ናት። ከመናገሯ በፊት ያለች ግማሽ ሰከንድ፣ ሰምታ ስትጨርስ አገጯ ትንሽ ጠንከር የሚልበት፣ ከኋላ ደግሞ ያ ጥብቅ ብሎ የታሰረ ፀጉሯ። ክሊፕ ስሰበስብ የገባኝ ካሜራው ስታስብ የሚጠብቃት መሆኑን ነው፣ ዝም ብዬ ሳይ ይሄን ልብ ብዬው አላውቅም።

ዝም ያለ ፊት ደግሞ አጠገቡ ያስቀመጣችሁትን ነገር ይመስላል። ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ ከ100 ዓመት በፊት የሞከረው ነገር ነው፣ ያንኑ የአንድ ተዋናይ ፊት ከሾርባ ጋር ስታስቀምጠው የራበው፣ ከሬሳ ሳጥን ጋር ስታስቀምጠው ያዘነ ይመስላል፣ ፊቱ ሳይቀየር። እኔም ሲዝን 5 ላይ ላሎ የሚባለው የአደንዛዥ ዕፅ ወንበዴ ቤታቸው ገብቶ ጂሚን ሲያፋጥጠው፣ እሷ አፏን ሳትከፍት በፊት ያለውን ፊቷን ወሰድኩና ከልጅነቷ ጋር አጋጠምኩት። ያቺ ትንሿ ኪም፣ እናቷ ጠጥታ አምሽታ ስትመጣ መኪና አልገባም ብላ ቼሎዋን ተሸክማ በጨለማ በእግሯ የምትሄደዋ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ላሎ የሚባል ሰው መኖሩንም ትረሳላችሁ፣ አንዲት ልጅ ከዛን ማታ ጀምሮ መኪና ውስጥ አልገባም እያለች ያለች ነው የሚመስለው።

ምቱን በተመለከተ ብዙ አላወራም። ዘፈኑ በደቂቃ 96 ምት ነው፣ በሰከንድ 24 ፍሬም ሲታሰብ በየ15 ፍሬሙ አንድ ምት ማለት ነው፣ ደስ የሚል ቁጥር። ግን በየምቱ የሚቆርጥ ኤዲት ያደክመኛል፣ በተለይ እንደሷ ላለች ሰው። ግጥሙ "በር" ሲል በር፣ "ዝናብ" ሲል ዝናብ ማሳየትም እንደዛው፣ ተመልካቹ ጆሮ አለው እኮ።

አውቶብሱ ላይ የምታለቅስበትን ሁሉም ሰው ዘፈኑ ሲጦዝ ነው የሚያስገባው፣ እኔ መጀመሪያ አካባቢ አስገባሁት። ፍሎሪዳ ሄዳ ፀጉሯን ቀይራ ቲተስቪል ውስጥ የውሃ መርጫ ድርጅት ቢሮ ውስጥ የምትሰራበትንም እንደዛው፣ ከፊት። ከዛ ወደ ኋላ ወደ ባለቀለሙ ህይወቷ ይሄዳል። እነዚህ የኋለኛ ዘመን ትዕይንቶች ድራማው ላይ ጥቁርና ነጭ ናቸው፣ እና ጥቁርና ነጩን ቀለም ልቀባው ወይስ ሁሉንም ጥቁርና ነጭ ላድርገው የሚለው ሃሳብ መጥቶብኝ ነበር፣ አልነካሁትም፣ ድራማው ሆን ብሎ ያደረገውን ማጥፋት ይሆናል። መጨረሻው ላይ እስር ቤት ውስጥ ከጂሚ ጋር አንድ ሲጋራ ተካፍለው የሚያጨሱበትንና እሳቱ ብቻ ቀለም ያለውን ትዕይንት ግን ሳላስገባ ተውኩት። ያለሱ ምንም ማለት አይደለም፣ ህጌ እዛ ጋ አይሰራም።

ክሊፕ ፍለጋ ሲያሰለቸኝ እ.ኤ.አ. በ1975 ኬንዲ ፎንግ የምትባል አድናቂ ያደረገችውን አስባለሁ፣ የስታር ትሬክ ፎቶዎችን በስላይድ ፕሮጀክተር በዘፈን እያስከተለች ለአድናቂዎች አሳየች፣ ይሄ ነገር ከዛ ነው ጀመረ የሚባለው። በ80ዎቹ ደግሞ ሴቶች ሁለት የቪዲዮ ዴክ አገናኝተው ከአንዱ ወደ አንዱ እየቀዱ ሰሩ። አንዱ ቦታ ከተበላሸ ከዛ ጀምሮ ያለው ሁሉ እንደገና። እኔ አንድ ቁልፍ ተጭኜ እመልሰዋለሁ፣ እና አማርራለሁ።

ዩቲዩብ ላይ ስጭነው ያው ኮንቴንት አይዲ (የሰው ዘፈንና ቪዲዮ በራሱ የሚለየው የዩቲዩብ ማሽን) ወዲያው ዘፈኑን ለየው። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ለትርፍ ላልሆነ ሪሚክስ ከዲቪዲ አጭር ክሊፕ ማውጣትን ፈቅደዋል፣ ማሽኑ ግን ይሄን ቆሞ አይጠይቅም፣ ድምፁ ከተመሳሰለ ተመሳሰለ ነው። የምትሰሩ ካላችሁ ኦሪጅናሉን ፋይልም ፕሮጀክቱንም ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀሩ።

መጀመሪያ ያሳየኋት ጓደኛዬ ድራማውን አይታው አታውቅም። ያንን ግማሹ የጠቆረውን ቦታ ስታይ "ውይ፣ ባሏ ሞቶባት ነው?" አለችኝ። አይ፣ 86 ዓመት ተፈርዶበት ነው አልኳት። "ሂጂ!" ብላ ላፕቶፑን ወደራሷ ሳበችው፣ አሁን ሲዝን 2 ደርሳለች፣ እና በየቀኑ ጂሚ ደስ ሲል እያለች ትፅፍልኛለች።