ከ30 ወደ 50፦ ሩጫ በላፕቶፕ ስቀርጽ

የፓሪሱን የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ በመጨረሻ መስመሩ ላይ አቆምኩት። በሪሁ አረጋዊ ደረቱን ሲጥል፣ አሜሪካዊው ግራንት ፊሸር አጠገቡ ሲደርስ፣ እጅና እግራቸው ሳይደባለቅ ጥርት ብሎ ታየኝ። ለሌላው ሰው ተራ ነገር ሊሆን ይችላል። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ቁጭ ብሎ ከአሮጌ ላፕቶፕና ከርካሽ መቅረጫ ጋር ለሚታገል ሰው ግን ድል ነው። ትንሽ ጉራ ቻሉልኝ።

ሰዓቱን እዩት። ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ 26:43.14፣ በሪሁ 26:43.44፣ ፊሸር 26:43.46። ብሩንና ነሐሱን የለየው 2 መቶኛ ሴኮንድ ነው። የእኛ አካባቢ ቴሌቪዥን ደግሞ ምስሉን በሴኮንድ 50 ጊዜ ያድሳል። ስለዚህ አንዷ ምስል ልክ 2 መቶኛ ሴኮንድ ናት። ቀረጻችሁ እሷን ከዋጣት ጨዋታው አለቀ። ዳኞቹ የሚፈርዱት በፎቶ ፊኒሽ ካሜራ እንደሆነ አውቃለሁ። እኛ ቤት ያለው ግን ዲሽ ነው።

አጀማመሬን ቶሎ ልለፈው። ስልክ ከቴሌቪዥን ፊት ደግፎ መቅረጽ እንደ ቀረጻ አይቆጠርም። ከዚያ መገናኛ ሄጄ ቪዲዮ ካፕቸር የሚባለውን መቅረጫ ገዛሁ። ከሪሲቨሩ በኤችዲኤምአይ ይገባል፣ በዩኤስቢ ወደ ላፕቶፑ ይወጣል። ኦቢኤስ ስቱዲዮ የሚባለውን የመቅረጫ ፕሮግራም ጫንኩ፤ ነጻ ነው። ምስሉ ወዲያው መጣ። የክፍያ ሪሲቨር ያላችሁ ጥቁር ስክሪን ካያችሁ ኤችዲሲፒ የሚባለው የቅጂ መከላከያ ነው፤ እሱን አትነካኩት። እኔ የምቀርጸው በነጻ የሚገባውን ብቻ ነው፣ ያውም ቤት ውስጥ ለማየት።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ።

ዜና ስቀርጽ ልቅም ያለ ነው። ድራማም እንደዚያው። ሩጫ ሲመጣ ግን ምስሉ ይንተባተባል። ካሜራው ሯጮቹን ሲከተል ከኋላ ያለው አጥርና ማስታወቂያ ይንቀጠቀጣል። እግራቸው አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ የቆመ ይመስላል። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ «ራም ጨምር» አለኝ። እኛ አገር የኮምፒውተር ምክር ሁሉ መጨረሻው ራም ነው። ይህ ግን ከራም ጋር የማይገናኝ ችግር ነበር።

ችግሩ የመቅረጫው ካርቶን ላይ ተጽፎ ነበር ማለት ይቻላል። በትልቁ «4ኬ» ይላል። እሱ የሚቀበለውን እንጂ የሚቀርጸውን አይነግራችሁም። እነዚህ ርካሾቹ የሚሠሩት በዩኤስቢ 2.0 ነው። ዩኤስቢ 2.0 በሴኮንድ ቢበዛ 480 ሜጋቢት ያሳልፋል። ባለ 1080 መስመር ምስል በሴኮንድ 50 ጊዜ ሳይጨመቅ ይለፍ ቢባል ከ1,600 ሜጋቢት በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ዕቃው ምስሉን ይጨምቀዋል፣ ያም አልበቃ ብሎ በሴኮንድ 30 ላይ ያቆመዋል። ከሪሲቨሩ 50 ይመጣል፤ 30ው ያልፋል፤ 20ው ይጣላል።

መጣሉ ብቻ ቢሆን በቻልነው። አጣጣሉ ነው ደባሪው። ከ5 ምስል 3ቱን ለመያዝ አንዴ ተከታዩን ይወስዳል፣ አንዴ አንድ ይዘላል። የመጨረሻውን 400 ሜትር በ54 ሴኮንድ የሚጨርስ ሯጭ በአንድ ምስል 15 ሳንቲሜትር ገደማ ይሄዳል። በእንዲህ ያለ ቀረጻ ግን 15፣ ከዚያ 30፣ ከዚያ እንደገና 30 ይሄዳል። ሰው እንደዚህ አይሮጥም። ዓይን ደግሞ ይህን ወዲያው ይነቃበታል፣ ምክንያቱን ባያውቅም።

እና ለምንድነው የኢንተርኔት መመሪያ ሁሉ 30 ወይም 60 አድርጉ የሚለው? ብዙውን የሚጽፉት አሜሪካ ያሉ ሰዎች ስለሆኑ ነው። እነሱ ዘንድ መብራቱ 60 ኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 60 ዙር ነው፤ ቴሌቪዥናቸውም ያንን ተከትሎ ተሠራ። የእኛ መብራት 50 ነው፤ ቴሌቪዥናችንም የዚያው ዘር ነው። 60 ላይ ብትቀርጹም አይሆንም። ትርፎቹን 10 ምስሎች ከየት ያመጣቸዋል? ያሉትን ይደግማል፣ ያው መንተባተብ ነው። ኦቢኤስ ውስጥ የቪዲዮ ሴቲንግ ግቡና 50 የሚለውን ምረጡ። አጠገቡ «ፓል» ተብሎ ተጽፎበታል።

ታዲያ ዕቃው ከ30 አላልፍ ካለ? ሪሲቨሩን ወደ 720 መስመር አውርዱት። ይኼው ነው መፍትሔው። የሪሲቨሩን የምስል ሴቲንግ 720ፒ በ50 አደረግኩ፤ ያ ርካሽ መቅረጫ ያለምንም ጭቅጭቅ 50ውንም ተቀበለ። «እንዴት ኤችዲዬን አሳንሳለሁ?» የምትሉ አላችሁ። የአሜሪካው ኢኤስፒኤን እ.ኤ.አ. በ2003 በኤችዲ ማሰራጨት ሲጀምር የመረጠው 720ን ነው። ለስፖርት ከነጥብ ብዛት ይልቅ የእንቅስቃሴው ልስላሴ ይበልጣል ብለው ነው። እኔ በዚህ ድርድር የለኝም። ለሩጫ፣ ለኳስ፣ ለብስክሌት 720 በ50 ከ1080 በ30 ይበልጣል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ ሪሲቨር 50 እያለ 25 ይሰጣችኋል። ቀረጻውን ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ክፈቱና የእንግሊዝኛዋን «ኢ» ተጫኑ። በአንድ ጫና አንድ ምስል ይሄዳል። ሯጩ በየጫናው ከተንቀሳቀሰ እውነተኛ 50 ነው። በየሁለት ጫናው አንዴ ብቻ ከተንቀሳቀሰ ሪሲቨሩ ግማሹን ጥሎ ሌላውን እየደገመ ነው።

ለምን መሰላችሁ፣ ብዙው ስርጭት የሚመጣው በግማሽ ግማሽ ነው። መጀመሪያ አንደኛ፣ ሦስተኛ፣ አምስተኛ መስመሮች ይመጣሉ፤ ከ2 መቶኛ ሴኮንድ በኋላ ደግሞ የቀሩት። ሁለቱን ግማሾች አንድ ላይ ካጣበቃችኋቸው የሚሮጠው ሰው ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሆናል። አንዱን ግማሽ ከጣላችሁት ማበጠሪያው ይጠፋል፣ እንቅስቃሴውም ግማሹ አብሮ ይጠፋል። ትክክለኛው መንገድ እያንዳንዱን ግማሽ ወደ ሙሉ ምስል አሳድጎ 50ውንም ማስቀረት ነው።

የእኔ ሪሲቨር ይህን ደህና አድርጎ ይሠራዋል። የእናንተው ካልቻለ ሌላ አማራጭ አለ። በሪሲቨሩ ዩኤስቢ ላይ ፍላሽ ሰክታችሁ ቅረጹ። የመጣውን ስርጭት እንዳለ ስለሚያስቀምጥ ጥራቱ ከካፕቸሩ ይሻላል። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ሃንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ታስተካክሉታላችሁ፤ ዲኢንተርሌስ የሚለው ውስጥ እያንዳንዱን ግማሽ ሙሉ ምስል የሚያደርገውን «ቦብ» ምረጡ፣ የምስል ብዛቱንም 50 በሉት። እንዳለ ከተዋችሁት 25 አድርጎ ያስረክባችኋል።

በኤአይ የጎደለ ምስል የሚሞሉ ፕሮግራሞችን አልወድም። ለስላሳ ይሆናል፣ አዎ። ግን ያ እግር እዚያ ቦታ አርፎ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት የሚሮጥ የጎረቤት ልጅ አለ። የእግሩን አጣጣል ከሯጮቹ ጋር ለማነጻጸር እየመጣ «ጋሼ፣ እስቲ ትንሽ ይመልሱልኝ» ይለኛል። በ2025 ቶኪዮ ላይ ፈረንሳዊው ጂሚ ግሬሲዬ ዮሚፍ ቀጀልቻን በ6 መቶኛ ሴኮንድ የቀደመበትን አጨራረስ ስንት ጊዜ እንዳስመለሰኝ! ሦስት ምስል ናት። ለእሱ ኮምፒውተር የፈጠረውን እግር ላሳየው አልችልም።

የቀሩትን ባጭሩ። የሚቀረጸው ፋይል ዓይነት ኤምኬቪ ይሁን። ተራው ኤምፒ4 ከሆነ በመሀል ላፕቶፑ ከጠፋ ፋይሉ አይከፈትም፤ ኤምኬቪ ግን እስከዚያች ሰዓት ያለውን ይዞ ይተርፋል። በኋላ ኦቢኤስ ራሱ ጥራቱን ሳይነካ ወደ ኤምፒ4 ይቀይርላችኋል። ዩፒኤስ ግዙ ብዬ ልመክር ነበር፤ እኔ ግን የለኝም። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ሪሲቨሩ ይጠፋል። ጥቁር ስክሪን በጥሩ ጥራት የቀረጽኩባቸው ቀኖች አሉ።

ቢትሬቱን፣ ማለትም ለአንድ ሴኮንድ ቀረጻ የሚመደበውን የዳታ መጠን፣ አትሰስቱ። ሳርና ተመልካች ያለበት ምስል ካሜራው ሲዞር ብዙ ይበላል፣ ካነሰበት ሳሩ ገንፎ ይሆናል። እኔ 10 ሜጋቢት አድርጌዋለሁ፤ በሰዓት 4.5 ጊጋባይት ነው። ሃርድ ዲስኬ ሞልቷል። ከቀረጽኩት ውስጥ ግማሹን ዳግም አላየሁትም፣ ለማጥፋትም እጄ አይታዘዝም። በዚህ ጉዳይ ምክር አልሰጥም።

አሁን የቀረኝ ድምፁ ነው። መጀመሪያ ላይ ማስተካከሉ ቀላል ነው፤ ኦቢኤስ ውስጥ ድምፁን በሚሊሴኮንድ ማዘግየት ይቻላል። ዜና አንባቢዋ «ብ» ወይም «ም» ስትል ከንፈሯ የሚገጥምበትን ቅጽበት አይታችሁ ታስተካክላላችሁ። ማራቶን ስቀርጽ ግን መጀመሪያ ልክ የነበረው ድምፅ ወደ ማብቂያው ምስሉን ይቀድማል። ሪሲቨሩ በፍላሽ በሚቀርጸው ላይ ይህ አይታይም፤ ስለዚህ የምጠረጥረው መቅረጫውን ነው። ዕቃ ሳይቀይር ይህን ያስተካከለ ሰው ካለ ሴቲንጉን ያካፍለኝ። ራም ጨምር ግን እንዳትሉኝ።