ከራንድል በላይ ባለው ጫካ፦ የዱር እንጉዳይ አለቃቀም በዋሽንግተን ግዛት

ከሲያትል በአይ-5 ወደ ደቡብ ወርዶ በ68ኛው መውጫ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፍ ሰው የዩኤስ-12ን መንገድ ይዞ፣ ሞርተንን አልፎ ራንድል ይገባል። መንገዱ ካልተጨናነቀ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነሥተናል። በጥቅምት ጫካ ውስጥ ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ስለሚደክም፣ የእንጉዳይ ለቀማ የጠዋትና የቀትር ሥራ ነው።

ራንድል ትንሽ ከተማ ብትሆንም የጊፈርድ ፒንሾ ብሔራዊ ደን የካውሊትዝ ሸለቆ ጽሕፈት ቤት ያለው እዚሁ ስለሆነ ሳይቆሙ ማለፍ አይገባም። ለቤቱ የሚለቅምና ለገበያ የሚለቅም ሰው ሕጋቸው የተለያየ ነው። የቀን ገደቡ ስንት ጋሎን እንደሆነና የትኛው ክልል ዝግ እንደሆነ ከካርታው ጋር እዚያው ይነገራል። ጽሕፈት ቤቱ ቅዳሜና እሁድ ዝግ ሊሆን ስለሚችል ቀደም ብሎ መደወል ይሻላል። በአንድ የጫካ መንገድ ግራና ቀኝ የብሔራዊ ደን፣ የግዛቱ መንግሥትና የግል እንጨት ኩባንያ መሬት ጎን ለጎን ይገኛል። ዛፉ አንድ ዓይነት ቢመስልም ባለቤቱ ሌላ ነው፤ በኩባንያ መሬት ያለ ፈቃድ መግባት ያስከስሳል። ስለዚህ ኔትወርክ ሳይጠፋ የመሬት ይዞታን የሚያሳይ ካርታ ስልክ ላይ ማውረድ ያስፈልጋል። ከከተማዋ ሲወጣ ኔትወርክ ይጠፋል።

ከራንድል ወደ ደቡብ የሚወጣው የደን መንገድ 25 ነው። በግራም በቀኝም ዳግላስ ፈርና ሄምሎክ የተባሉት ረጃጅም የጥድ ወገኖች ቆመዋል። የምንፈልገው ወርቃማው ሻንተረል የተባለው የሚበላ እንጉዳይ ከእነዚህ ዛፎች ሥር ጋር ተጣምሮ ነው የሚኖረው። ከአፈሩ በታች የሚዘረጋው የእንጉዳዩ ክር የዛፉን ሥር አቅፎ ለዛፉ ውኃና ማዕድን ያቀብላል፤ ዛፉም በፈንታው ስኳር ይሰጠዋል። በዚህ ምክንያት ሻንተረልን እንደ ኦይስተር እንጉዳይ በገለባ ላይ ማሳደግ አልተቻለም፤ ገበያ ላይ የሚታየው ሁሉ ከጫካ የተለቀመ ነው። ደኑ በቅርቡ ከተመነጠረ ሻንተረል አይገኝም፤ ዛፎቹ እንደገና አድገው ጥላቸው መሬቱን እስኪሸፍን ብዙ ዓመት ይፈጃል።

ወቅቱ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው። ይህ ከጾመ ጽጌ ጋር፣ ማለትም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ካለው ጊዜ ጋር ይገጥማል፤ ጽጌን ለሚጾሙ የሲያትል ቤተሰቦች ከዚህ የተሻለ የጾም ወጥ ከወዴት ይመጣል? ከመጀመሪያው ደህና ዝናብ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል መታገሥ ነው። በወቅቱ መጀመሪያ ከፍ ያለው ተረተር ይሻላል፤ ውርጭ ላዩን ሲመታው ለቃሚውም ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። ቀዝቅዞ የቀለጠ ሻንተረል ሲነኩት ውኃ ይተፋል፤ እሱን ባለበት መተው ነው።

መኪናውን አቁሞ በዛፎቹ መካከል ሲገባ በመጀመሪያ የሚታየው መሬቱን ያለበሰው አረንጓዴ ሽበት ነው። ከወገብ በላይ ቁጥቋጦ የሞላበት ቦታ ልብስ ከመቅደድ በቀር ብዙም አይጠቅምም። ዝናቡ ሳይተኛ የሚወርድበት ቀለል ያለ ተዳፋት፣ የወደቀ አሮጌ ግንድ፣ የዛፍ መርፌ የተነጠፈበት መሬት ጥሩ ምልክት ናቸው። አንድ ሻንተረል ከተገኘ መሮጥ አያስፈልግም። ባሉበት ቆሞ ዙሪያውን ቀስ ብሎ ማየት ነው፤ ብቻውን አይበቅልምና። ከታች ወደ ላይ ሲወጡ ከቆቡ ሥር ያለው ቢጫ ስለሚታይ፣ ተዳፋትን ከሥሩ ወደ ላይ መፈለግ ከላይ ወደ ታች ከመፈለግ ይሻላል።

ሻንተረልን ቀለሙን ብቻ አይቶ መለየት አይቻልም። ቆቡን ገልብጦ ማየት ነው። ብዙ እንጉዳዮች ከቆባቸው ሥር እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደረ ስስ ክንፍ አላቸው፤ በጥፍር ሲነኩት ከሥጋው ተላቆ ይነሣል። የሻንተረል ግን የሥጋው የራሱ ሽብሽብ ነው። ጫፉ ደደር ያለ ነው፤ እየተከፋፈለ አገዳው ላይ ይወርዳል፤ በጥፍር ለማንሣት ቢሞከር ሥጋው አብሮ ይቀደዳል። ለሁለት ሲተረተር ውስጡ ነጭ ነው፤ እንደ ተቀቀለ የዶሮ ፈረሰኛም በጭረት በጭረት ይለያል። አገዳው ውስጡ ክፍት አይደለም። ሽታው ወደ ኮክ ይጠጋል። ሐሰተኛው ሻንተረል ብርቱካናማ ሲሆን ክንፉ ስስና የተጠጋጋ፣ ሥጋው ልፍስፍስ ነው። ሌላው ባለ ቅርፊቱ ሻንተረል የሚባለው ነው፤ መካከሉ እንደ ጡሩንባ ጎድጉዶ ይወርዳል፣ ውስጡ በቅርፊት የተሞላ ነው፤ ብዙ ሰው ሆዱን ያሳምመዋል። አምስቱንም ምልክት፣ ሽብሽብን፣ ነጭ ሥጋን፣ ድፍን አገዳን፣ ሽታንና ከአፈር መብቀሉን አንድ በአንድ አይቶ ያልጨረሰ ሰው ቅርጫት ውስጥ አያግባ።

አለቃቀሙ ላይ ለቃሚዎች ለዘመናት የተከራከሩበት ነገር አለ፤ በቢላ ይቆረጥ ወይስ ተጠምዝዞ ይነቀል? በስዊዘርላንድ ፍሪቡርግ ካንቶን ላ ሻኔያ በተባለ የእንጉዳይ ጥብቅ ቦታ ተመራማሪዎች ከ1975 እስከ 2003 (እ.ኤ.አ.) አንዱን ቦታ በመንቀል፣ አንዱን በመቁረጥ፣ አንዱን ሳይነኩ በመተው አወዳደሩ። በ2006 የታተመው ውጤት፣ መቁረጡም ሆነ መንቀሉ የቀጣዩን ዓመት ምርትም የዝርያውንም ብዛት እንዳልቀነሰ አሳየ። የበቀለውን ቁጥር የቀነሰው የለቃሚው እግር ሆኖ ተገኘ፤ መሬቱ ሲረገጥ ብቅ የሚሉት አነሱ። እንግዲህ ቢላ የምንይዘው ክሩን ለማዳን ብለን ሳይሆን ለንጽሕና ነው። ሰንጢውን ከአፈሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ አግድም መቁረጥ፣ የተጣበቀውን መርፌና አፈር በብሩሽ ማራገፍ፣ ከዚያ ማስቀመጥ። አፈር አንድ ጊዜ ቅርጫት ውስጥ ከገባ በሽብሽቡ ሁሉ ይሰገሰጋል፤ ቤት ገብቶ ማውጣቱ ጫካ ውስጥ ከማራገፉ አሥር እጥፍ ይደክማል። ባለሙያ የሚታወቀው በእግሩ ነው፦ አራት አምስት ሰው ሲሆኑ ተበታትኖ መሄድ፣ በተቻለ መጠን ግንድና ድንጋይ መርገጥ፣ አንዱን ቦታ እየተመላለሱ አለመርገጥ።

መጠኑም ቁም ነገር ነው። ሻንተረል ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ለሙሉ ዕድገቱ ከወር በላይ ይፈጃል። ቆቡ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ያነሰውን ትቶ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መምጣት ያዋጣል። ያረጀው ደግሞ ጠርዙ ይቀልጣል፣ ሽብሽቡ ውኃ ጠጥቶ ብርሃን ያሳልፋል። ጨምቀውት ውኃ ከወጣው ለድስትም ለመንገድም አይሆንም፤ ዘሩን እዚያው ይበትን።

ቦሌት የሚባለው፣ ከቆቡ ሥር በክንፍ ፈንታ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ያለው ወገን፣ አያያዙ ይለያል። አገዳው ወፍራምና ግማሹ አፈር ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ ላዩን መቁረጥ ምግቡን መሬት ውስጥ ትቶ መሄድ ነው። ታችኛውን ክፍል ይዞ ቀስ እያሉ ጠምዝዞ መንቀል፣ ጉድጓዱን በብስባሽ መክደን፣ ከዚያ እዚያው ከላይ እስከ ታች ለሁለት መሰንጠቅ ነው። ትል የሚጀምረው ከአገዳው ሥር ነው፤ ቡናማ ቀዳዳው አገዳው ላይ ብቻ ከሆነ ቆቡ ይተርፋል። ሳይሰነጠቅ ቅርጫት ውስጥ የገባ አንድ ትላም ቦሌት ማታ ሲከፈት ጎረቤቶቹን አበላሽቶ ይገኛል።

ማትሱታኬ የሚባለው ነጭ እንጉዳይ ደግሞ ብስባሹን ከታች አንሥቶ እብጠት ብቻ ያሳያል። ለገበያ የሚቸኩሉ ሰዎች ይህን እብጠት ፍለጋ መሬቱን ሬክ በሚባለው ባለ ጥርስ መቧጠጫ ይገለብጣሉ። ይህ ጉዳት ያለው ልማድ ነው፣ ማስረጃም አለው። በኦሪገን በተደረገ ጥናት፣ በጥንቃቄ እያወዛወዙ መንቀል ምርቱን አልጎዳም፤ ላዩን ብቻ ጠርጎ ብስባሹን መመለስም ያን ያህል አልጎዳም። በጥልቀት ተቧጥጦ ሳይከደን የቀረው ቦታ ግን ለ9 ዓመት ምርቱ አሽቆለቆለ። ክሩ የሚኖረው በዚያው ብስባሽና ከሥሩ ባለው አፈር ውስጥ ነውና፣ ሬክ የሚቀድደው ቤቱን ነው። እብጠቱን በጣት ዳስሶ፣ ሁለት ጣት ወደ ታች አስገብቶ፣ ወዲያና ወዲህ አወዛውዞ ማውጣትና የተነሣውን ብስባሽ መልሶ መደልደል ብቻ በቂ ነው። በአንዳንድ የኦሪገን ብሔራዊ ደኖች ለቤቱ የሚለቅም ሰው ማትሱታኬውን ወዲያው ከላይ እስከ ታች ለሁለት እንዲከፍለው ይገደዳል፤ የተከፈለ ገበያ አይወጣምና።

የማትሱታኬ ፍለጋ አደገኛ ነው የምለው ነጭ፣ አገዳው ላይ ቀለበት ያለውና ከአፈር የሚወጣ ስለሆነ ነው። የስሚዝ አማኒታ የተባለው መርዛማ እንጉዳይ፣ በእነዚሁ ደኖች ውስጥ የሚበቅለውና ኩላሊት የሚገድለው፣ ልክ ይህንኑ መልክ ይዞ ይወጣል። የማትሱታኬ አገዳ ጠንካራ ነው፣ በአውራ ጣት ቢጨመቅ አይፈርስም፤ ቀረፋ የተቀላቀለበት የሚመስል የማይረሳ ሽታ አለው። የአማኒታው አገዳ ሲጨመቅ ይፈረፈራል፣ ሽታውም ያ አይደለም። ለጀማሪ የምሰጠው ምክር አጭር ነው፦ በመጀመሪያው ዓመት ነጭ እንጉዳይ አይልቀም።

የማያውቁትን እንጉዳይ ለመመርመር ሲወስዱ ግን ፈጽሞ አይቆረጥም። በቢላ ዙሪያውን ቆፍሮ ከነሥሩ ማንሣት ነው፤ ገዳዩ ምልክት አፈር ውስጥ ነዋ። ዴዝ ካፕ የሚባለው አማኒታ ከአገዳው ሥር እንደ ተቀደደ የእንቁላል ልጣጭ ያለ ነጭ ከረጢት አለው። ላዩን ለቆረጠው ሰው ከረጢቱ መሬት ውስጥ ቀርቷል፤ እጁ ላይ ያለው ነጭ ክንፍና ቀለበት ያለው መልካም የሚመስል እንጉዳይ ነው። ገና ያልፈነዳው ደግሞ ድቡልቡል ነጭ እንቁላል ይመስላል፤ ከላይ እስከ ታች ሲሰነጠቅ ውስጡ የቆብ፣ የክንፍና የአገዳ ቅርጽ ተስሎ ይታያል።

ይህን የማስረዝመው ለአገሬ ሰው ስል ነው። ዴዝ ካፕ ከአውሮፓ በመጡ ዛፎች ሥር ተጉዞ የገባ ነው፤ ሲያትል ውስጥ በመንገድ ዳር በተተከሉ ሆርንቢም፣ ቺዝነትና ቢች ዛፎች ሥር፣ ልጆች በሚጫወቱበት ሣር ላይ ይበቅላል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ዝናብ ሲመታ ከኩይሳ ላይ የሚወጣውን፣ ምስጥ የሚያሳድገውን ነጭ እንጉዳይ እየበላ ያደገ ሰው እዚህ ነጭ ሲያይ ዓይኑ ይሳባል። ያን እንጉዳይ የሚያሳድገው ምስጥ ዋሽንግተን ውስጥ የለም፤ የለመዱት እንጉዳይም የለም። የአገር ቤት ዕውቀት እውነተኛ ዕውቀት ነው፤ የሚሠራው ግን በበቀለበት አገር ነው። ኦይስተርም እንዲሁ ይፈተናል፦ እዚህ የሚበላው ባብዛኛው አልደርን በመሰለ ባለ ሰፊ ቅጠል ዛፍ ግንድ ላይ ይወጣል። በበሰበሰ ሄምሎክ ላይ የሚወጣው ስስ ነጭ፣ የመልአክ ክንፍ የሚባለው፣ በ2004 (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ውስጥ በተለይ ኩላሊታቸው የታመመ ሰዎችን ገድሏል።

ስለ ዕቃው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ፌስታል አይሆንም፤ ያልባል፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያሟሽሻል። ቅርጫት ወይም ጎኑና ሥሩ የተበሳ ባልዲ ይሁን፤ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተቆለለ የታችኛው ይደቅቃል። ያልታወቀው በወረቀት ከረጢት ለብቻው ይያዝ። ጥቅምት የአጋዘን አደን ወቅት ስለሆነ ብርቱካናማ ሰደርያ፣ ፊሽካና ተጨማሪ ባትሪ ግድ ናቸው። ዓይን መሬት ላይ ተተክሎ ሲውል አቅጣጫ ይጠፋል፤ ከመኪናው ከመራቅ በፊት ጂፒኤሱ ላይ ምልክት ማድረግ ነው።

ማታ ቤት ሲገባ ያልታወቁት ይመረመራሉ። ቆቡን ከአገዳው ለይቶ፣ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ ክንፉን ወደ ታች ደፍቶ በብርጭቆ መክደን፤ ሲነጋ የዘሩ ቀለም ወረቀቱ ላይ ይታያል። ነጭ ዘር፣ ነጭ ክንፍና ከረጢት አንድ ላይ ከተገኙ ጉዳዩ አልቋል፣ ይጣላል። ከዚያ በላይ ለመለየት የፒውጀት ሳውንድ የእንጉዳይ ማኅበር አባላት ሲያትል ውስጥ በወቅቱ ይዘው ለሚመጡ ሰዎች ያያሉ፤ የስልክ ፎቶ ብቻ አይቶ የሚወስን አፕሊኬሽን ግን ከረጢቱን አያይም።

ሻንተረል ሲበስል ዘይት አይቅደም። የተቀደደውን ሻንተረል በደረቅ መጥበሻ፣ መካከለኛ እሳት ላይ ትንሽ ጨው ነስንሶ ማድረግ፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውኃውን ይተፋል። ውኃው ሲመጥ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና የጥብስ ቅጠል ይገባል። በውኃው ላይ ዘይት የሚጨምር ሰው ጥብስ ሳይሆን ቅቅል ነው የሚያገኘው። በርበሬና ሚጥሚጣ ሽታውን ስለሚውጡት ቃሪያ መጨረሻ ላይ ቢገባ ይበቃል። ጥሬውን በወረቀት ከረጢት ማቀዝቀዣ ውስጥ አንድ ሳምንት ያህል ማቆየት ይቻላል። ሻንተረል ሲደርቅ እንደ ቆዳ ይጠነክራል፣ ስለዚህ ጠብሶ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ቦሌት ግን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ተቆርጦ በ50 ዲግሪ ገደማ ቢደርቅ መልካም ሽታው ይበልጥ ይጎላል።

አዲስ ዓይነት ሲበላ አንድ ዓይነት ብቻ፣ በደንብ የበሰለ፣ በትንሹ፤ ከዚያ እስከ ማግስቱ መጠበቅ። ካልበሰለው አንዱ ሙሉውን ከነሥሩ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ። የዴዝ ካፕ መርዝ በማብሰል አይጠፋም። ትውከቱና ተቅማጡ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከበሉ ከ6 እስከ 12 ሰዓት በኋላ ነው፤ ቀጥሎ አንድ ቀን ያህል የዳነ ያስመስላል፤ ጉበቱ የሚወድቀው ከዚያ በኋላ ነው። ተሽሎኛል ብሎ ቤት መቅረት አይገባም። አሜሪካ ውስጥ በማንኛውም ሰዓት 1-800-222-1222 ላይ የመርዝ መቆጣጠሪያ ይመልሳል፤ ያንን የተቀመጠውን እንጉዳይ ይዞ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።